ወደ እሷ የዞረው መለኪያ

የጨረር ተቆጣጣሪው ጁነይድ መለኪያውን ይዞ ከወልድያ ወደ መርሳው ክሊኒክ ሲመለስ፣ የራጅ ባለሙያዋ ኢሕሳን ሰላምታውን በቅጡ አልመለሰችለትም። እንዴት ትመልስ? ባለፈው ወር የክፍሏን ጨረር ለክቶ «ሃያ አራት! ከተፈቀደው ከሃያ አልፏል!» ብሎ የጮኸው ተራ በሚጠብቁ በሽተኞች ፊት ነበር።

ወሬው እሱ ወልድያ ሳይገባ እናቱ ቤት ግራና ደረሰ። ለልጃቸውና ለኢሕሳን ኒካሕ ሽር ጉድ ይሉ የነበሩት እናቱ፣ እማማ ለይላ፣ እቅጩን ተናገሩ። «ጨረር የጠጣች ልጅ አትወልድም። ቁጥሩ ካልወረደ ወይ ስራዋን ካልተወች ሽማግሌ አልልክም።»

አሁን ጁነይድ ኢሕሳንን «ተሳስቼ ነበር» አላት። «መለኪያው የተስተካከለው ለብርቱ ጨረር ነው። የራጅ ጨረር ደካማ ስለሆነ አብዝቶ ያነባል። ሃያ አራቱን በማረሚያው በዜሮ ነጥብ አራት ሳባዛው አስር እንኳ አይሞላም። አልሐምዱሊላህ በይ!»

ኢሕሳን አላለችም። «ያን ቀን መለኪያውን ወዴት አዙረህ ነበር የያዝከው?»

ጁነይድ አንገቱን ደፋ። «ወደ አንቺ።»

የመለኪያው ፊት ወደ ጨረሩ ካልዞረ አሳንሶ ያነባል። ጁነይድ ደግሞ ያን ቀን ዐይኑ ከእሷ አልነቀል ብሎት ኖሯል፤ እጁም ዐይኑን ተከትሎ ዞረ። ኢሕሳን ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

«በል ድገመው። በግማሽ እርማት የጸዳሁ ሙሽራ አልሆንም!»

ደገመው። ጀርባውን ሰጥቷት፣ መለኪያውን ፊት ለፊት ወደ ጨረሩ ደግኖ ለካ። ሠላሳ አነበበ። ጁነይድ አባዛና ዞረ።

«አስራ ሁለት! ደህና ነሽ! አሁኑኑ ለእማዬ ልደውል።»

«አትደውልም። ለክሊኒኩ ጻፈው። እናትህ ግን ዛሬ በቁጥር ከፈቀዱኝ ነገ በሌላ ቁጥር ይከለክሉኛል። ልጅ ቢዘገይብንስ፣ ያኔም መለኪያህን ልታመጣ ነው?»

ጁነይድ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በጁምዓው ኢሕሳን ራሷ ግራና ሄደች። ሴት ልጅ ከሽማግሌ ቀድማ አማቷ ቤት ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ አየ። ቢያያትም አልተመለሰችም።

ከጁነይድ ጋር የተቀመጡት እማማ ለይላ ሰላምታዋን ተቀብለው ሳይጨርሱ «ቁጥሩስ ስንት ሆነ?» አሉ።

«አልነግርዎትም እማማ» አለች። «ስራዬንም አልተውም። ልጅዎን እወደዋለሁ። ከፈለጉኝ እንዲሁ ይፈልጉኝ።»

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ?»

«እኔ የማገባው ኢሕሳንን ነው እማዬ። ሽማግሌ ባትልኪልኝም አገባታለሁ።»

እማማ ለይላ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ የምታናግረው እኔን አይደለም ወይ? ፊትህን ወዴት ነው ያዞርከው?»

ጁነይድ ደነገጠ። ይህን ሁሉ የተናገረው ኢሕሳንን እያየ ነበር።

«በቃ፣ ሽማግሌው ይሂድ» አሉ እናቱ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «ይሄ ልጅ እንደሁ ከእንግዲህ ወዲህ አይዞርልኝም።»

ኢሕሳን ሳቋ መጣ። አሁን አልዋጠችውም።