ወረንጦና የገና ዱላ

«አያ ውድነህ፣ አትነቃነቅ! ዓይንህን ልወጋው ነው» አለች ትርንጎ።

ውድነህ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ትርንጎ የግራ አውራ ጣቷን የዓይኑ ቆብ ላይ አሳርፋ፣ በቀኟ የያዘችውን ወረንጦ አስጠጋችና ወደ ውስጥ የታጠፈችውን አንዲት ሽፋሽፍት ቆንጥጣ ነቀለቻት። እንባው ዱብ አለ። ያቺን ጠጉር ጥፍሯ ላይ አስቀምጣ እያየች «ሰባት» አለች ለራሷ።

በመንደራቸው በጠዳ ዓይኑ ጠጉር ያበቀለበት ሰው ሁሉ ወረንጦውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ነቃይ ግን እንደ ትርንጎ አይገኝም። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኗ የአሞራ ነው። በእናቷ ጀምራ የጎረቤቱን ሁሉ ስትነቅል ቆይታለች። የአጎቷን የውድነህን ግን ከሌላው ለይታ፣ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥባ ነው የምትነቅለው። ምን ታድርግ! ውድነህ ማለት እኮ ውድነህ ነው።

የጠዳ ሰው በገና ዕለት ላዮችና ታቾች ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ይጋጠማል። ውድነህ የላዮች መቺ ነው። ሌላው ሰው የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ በዱላው ሲያንከባልልና ሲያባርር ይውላል፤ እሱ አንዴ ካገኛት አበቃ። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ሩር ከሜዳው መሐል ተነሥታ፣ በሰው ሁሉ አናት ላይ አልፋ፣ የታቾችን ድንበር ተሻግራ ወንዝ ትገባለች። ትርንጎ እሱ የመታቸውን ምቶች ሁሉ በቃሏ ታውቃለች። በየትኛው ዓመት፣ ከየት ተነሥታ የት እንዳረፈች ጠይቋት፤ የታሪክ መምህሩ ሲጠይቃት የምትንተባተበው ልጅ ያን ጊዜ ምላሷ ይፈታል። እናቷ «ምነው እንዲህ ለዳዊቱ በሆነ» ትላታለች። ካቻምና ከወንዙ ጭቃ ያወጣቻት ሩር ዛሬም ከደብተሮቿ ሥር ተደብቃ አለች፤ ጎኗ ላይ የውድነህ ዱላ ያሳረፈባት ስርጉዳት ይታያል።

«አበቃ» አለችው ወረንጦውን እየጠረገች። «ገና ሊደርስ ሳምንት ነው የቀረው። ያኔ ጥርት ብሎ ይታይሃል።»

ውድነህ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የገና ዱላውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ። እጁ ከዱላው አንድ ክንድ ርቆ ጭቃውን ግድግዳ ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። ሳቅ ብሎ «ማን አዛወረው?» አለ። ማንም አላዛወረውም።

ትርንጎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽፋሽፍቱን እንጂ ዓይኑን አስተውላው አታውቅም ነበር። አሁን አስተዋለችው። የቀኝ ዓይኑ ጥቁር እንደ አጓት ያለ ነጭ ነገር ለብሷል። ወረንጦውን በቀኝ ዓይኑ ፊት አወዛወዘችው፤ አልደነገጠም። ወደ ግራው ስትወስደው አንገቱን በትንሹ ሸሸት አደረገ።

«አያ ውድነህ…»

«ግራው ጥላ ያያል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ታዲያ ገናን እንዴት አድርገህ ትጫወታለህ?»

«ሩሯን በጆሮዬ እሰማታለሁ። ጠጠሩ ላይ ስትንከባለል የት እንዳለች አውቃለሁ። የሚጠፋኝ የምመታበት አቅጣጫ ነው።» ወደ ድምፅዋ ዞረ። «አንቺ ከታቾች ድንበር ኋላ ቁሚልኝና ሩሯ እኔ ዘንድ ስትደርስ ስሜን ጥሪ። ድምፅሽን ይዤ እመታለሁ። ሌላ ምን አለኝ ትርንጎ? ያለ ገና እኔ…» አልጨረሰውም።

ማልቀስ ነበረባት፤ ደስ አላት። በኋላ ያንን ደስታዋን ባሰበችው ቁጥር ታፍር ነበር። አገር ሙሉ ሰው እያለ ውድነህ የፈለገው የእሷን ድምፅ ነው።

«ሸጋ ነው፣ እጠራሃለሁ» አለች።

በማግስቱ ከጎንደር የጤና ተማሪዎች በላንድሮቨር ትምህርት ቤት መጡ። ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ልጆቹን አሰልፎ የዓይናቸውን ቆብ እየገለበጠ ያያል፣ ቢጫ ቅባት ይቀባል። ትርንጎ ተራዋ ሲደርስ ዙሪያዋን ገልመጥ አደረገችና ጠየቀችው።

«አንድ ሰው አለ… አጎቴ ነው። ዓይኑ ጠጉር አብቅሎ እነቅልለታለሁ። አሁን ጥቁሩ ነጭ ለበሰ። መድኃኒት አለው?»

«መንቀል ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ቅባቱን አስቀመጠ። «የተነቀለ ጠጉር እኮ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል። ዓይኑን ቀን ከሌት ሲፍቀው ይኖራል። ያኔውኑ መጥቶ ቢሆን ቆቡን በቀዶ ጥገና ወደ ውጭ እንመልሰው ነበር። አንዴ ነጭ ከለበሰ ግን ብርሃኑን የምንመልስበት ነገር የለንም። ይምጣ ብቻ፤ ሌላው ቢቀር መውጋቱን እናስቆምለታለን።» ከዚያ ፊቷን አየና «አንቺ ልትረጂው ብለሽ ነው፣ ጥፋት የለብሽም» አለ።

ይህን ባይላት ይሻላት ነበር። አምና ውድነህ ራሱ «ጎንደር ሐኪም ቤት ልሂድ ይሆን?» ብሏት ነበር። «ምነው፣ እኔ እያለሁ!» ብላ የመለሰችው እሷ ናት። ተቀይማ ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ወደ እሷ መምጣቱን እንዳይተው ፈርታ ነው።

በገና ዕለት ከቀትር በኋላ ሜዳው ጢም አለ። ሴቶቹ ዳር ቆመው እልል ይላሉ። ትርንጎ የእናቷን ነጠላ ለብሳ ከታቾች ድንበር ኋላ ብቻዋን ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ልንገረው፣ አልንገረው ስትል ከርማ አልነገረችውም። ውድነህ መሐል ሜዳ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሩሯ ጠጠሩ ላይ እየተንኳኳች ወደ እሱ መጣች።

«አያ ውድነህ!»

ዱላው ዞረ። ጧ! ሩሯ ወደ ሰማይ ተነሣች፣ በትርንጎ አናት ላይ እያፏጨች አለፈችና ወንዙ ውስጥ ጠለቀች። ላዮች አበዱ። ዘፈኑም ስድቡም ታቾች ላይ ወረደ፤ የተሸነፈ በገና ቀን ተሰድቦ አይቆጣም። ትርንጎ ለአፍታ የኃይለ ጊዮርጊስን ቃል ረሳችው። እንዲህ ያለ ምት አይታ አታውቅም።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ሩሯ እንደገና ወደ ውድነህ ስትመጣ፣ ከትርንጎ ጋር አንድ ክፍል የሚማረው ሸዋአየሁ ከታቾች ወገን ሮጦ ደረሰና ልክ ውድነህ ፊት ጎንበስ አለ። ሌላ መቺ ቢሆን አይቶ ዱላውን ይገታል። ውድነህ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ጥሪዋን ይጠብቃል። የሸዋአየሁ ጭንቅላት ከሩሯ በላይ ነበር።

ትርንጎ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ሸዋአየሁ ሩሯን በዱላው ጠልፎ ሮጠ፤ ጫጫታውም ተከትሎት ሄደ። ውድነህ ዱላውን እንዳነሣ እዚያው ቀረ። ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ።

«ትርንጎ?» አለ። ከዚያ እሷ ካለችበት በተቃራኒ፣ ሜዳው ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ዞረና ጮኸ። «ትርንጎ! የት ነሽ?»

ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ገባው። ታቾች ሊሰድቡት ይችሉ ነበር፣ ቀኑ ነው። አንድም የተሳደበ የለም። አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ትርንጎ ምነው በሰደቡት ብላ ተመኘች።

ሴት ልጅ የገና ሜዳ አትገባም። እሷ ገባች። ሰው ሁሉ እያያት መሐል ድረስ ሄዳ የዱላውን ጫፍ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ልጅ ነበር ፊትህ። ልትገድለው ነበር።»

እሷ የዱላውን አንድ ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይዘው ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከሜዳው ወጥተው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ «ነገ ትነቅይልኛለሽ፤ ደግሞ መውጋት ጀምሯል» አለ።

«አልነቅልም» አለች። «ነገ ጎንደር እወስድሃለሁ። የሚፍቅህ እኔ የነቀልኩት ነው፣ እየበቀለ። አምና ልሂድ ስትለኝ ያስቀረሁህም እኔ ነኝ።»

ውድነህ ቆመ። ዱላው በመካከላቸው ተወጠረ። ይለቀዋል ብላ ፈራች።

«ያድኑታል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለው የኖረችው ነው።

«አያድኑትም» አለች። «መውጋቱን ግን ያስቆሙልሃል።»

ከኋላቸው ጨዋታው እንደገና ተጀምሯል። የሩሯ ኳኳታ እስከ ዳገቱ ይሰማል። ውድነህ ጆሮውን ወደዚያ አዘንብሎ ብዙ ቆየ።

«በማለዳ ነው እንግዲህ የምንሄደው» አለ።

«በማለዳ።» ዱላውን በቀስታ ሳበችው። «ድንጋይ አለ፣ አያ ውድነህ። እግርህን አንሣ።»