የወረደው ብሬከር

የመብራት መስመር ሠራተኛው የእናቱን ቤት የላላ ሽቦ ሊጠግን ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሬሳው ምሰሶው ሥር ተዘርግቷል። መርማሪው አንሶላውን ገለጥ አድርጎ የተቃጠለውን መዳፍ አየ። ቀና ሲል ሟቹ ከመንገዱ መስመር የፈታው የቤቱ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ከመንገድ የተለየ ሽቦ ሰው ከገደለ፣ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከቤት ውስጥ ነው።

መሰላሉን የያዘለት ተከራዩ ፀጉር አስተካካይ ነበር።

«ከመውጣቱ በፊት ብሬከሩን፣ ዋናውን ማጥፊያ፣ በገዛ እጁ አውርዷል» አለ። «ከዚያ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ድንገት ቦግ አለ። መብራት መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ሚስቱስ?»

«ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። ስጮህ እጇን እንኳን ሳትለቃለቅ ወደ ውስጥ ሮጠች።»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ብሬከር ወርዷል። ከአጠገቡ በሩ ክፍት በሆነው ክፍል እናትየው ከኦክስጅን ማሽን የሚመጣ ረጅም ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል። አልጋው ሥር ባትሪና ኃይሉን ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር አለ፤ ከኢንቨርተሩ በብሎን ታስሮ የወጣው ገመድ የግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቤቱን በሙሉ ያበራል። የሟቹ የራሱ ሥራ ነው። ብሬከሩ እስከወረደ ድረስ ጉዳት የለውም፤ ከተነሣ ግን የባትሪው ኃይል ወደ ምሰሶው ይወጣል። ሁለቱን ምንጮች የሚለይ ማዞሪያ መግጠም ነበረበት። ለሰው ቤት እየገጠመ ለእናቱ ነገ ዛሬ ሲል ቀረ።

መርማሪው ሚስትየውንና ተከራዩን እናትየው አልጋ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ገና አፉን ሳይከፍት ሚስትየው ቀደመችው።

«ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሰሩኝና ይብቃ።»

«አንቺስ አወረድሽው እንጂ አላነሣሽውም፣ እህቴ። ሳሙናው የደረቀው በብሬከሩ እጀታ ላይኛው ፊት ብቻ ነው፤ ወደ ታች የገፋ እጅ ነው። ተከራዩ ደግሞ መሰላል ይዞ ነበር። ከእጀታው ሥር የጎማ ጥቁር ጭረት አለ፤ እሱ...»

ዓይኑ አልጋው ላይ ከተደገፈው ምርኩዝ የጎማ ጫፍ ላይ አረፈ። መጨረሱን ፈራ።

እናትየው ጨረሱለት። «በሩ ድረስ ተስቤ በምርኩዜ ወደ ላይ የገፋሁት እኔ ነኛ፣ ልጄ። ባትሪው ጢጥ ጢጥ ሲል ትንፋሼ የሚያልቅ መሰለኝ። ልጄ መስመሩን ሲያያይዘው መብራቱ ወዲያው እንዲገባልኝ ብዬ ነው።» ምራታቸውን አዩ። «ምነው እንዲህ አያችሁኝ? የሞተው ከመሰላል ወድቆ ነው አላላችሁኝም?»

ምራታቸው እጃቸውን ይዛ ፊቷን አዞረች።

መርማሪው የኢንቨርተሩን ገመድ ነቅሎ ለማስረጃ መውሰድ ነበረበት። ጎንበስ ብሎ ያዘው። እናትየው የሚተነፍሱበት የኦክስጅን ማሽን የሚሠራው በዚያ ገመድ ነው። መልሶ ለቀቀው።

ውጭ ሌላ የመስመር ሠራተኛ የተፈታውን ሽቦ ሊያያይዝ መሰላል ሲያቆም ተሰማ። ሚስትየው ማንም እንዳያነሣው ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ብሬከሩን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች። መርማሪውም ወንበር ስቦ ባትሪው ጢጥ ጢጥ ሲል እየሰማ፣ ገመዱን ለመንቀል የመንገዱ መብራት እስኪመጣ ጠበቀ።