የወፈረው መቃን

ጋሻዬ ዓባይ ከቢሮው የኋላ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። የሲቀላ ሰፈር ገና በፀሐይ አልሞቀም፤ ዝንቡ ግን ሰውን ሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ከላይ የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሬሳው አጠገብ አንድ ባዶ ጠርሙስ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር አገኘሽ ተንበረከከች። መጀመሪያ ሸሚዙን አሸተተች፤ ቀጥላ አፉን። አብሯት የመጣው ፖሊስ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያደረ ወጥ በሩቁ የምትለይ አፍንጫ ያላት ሴት ናት። ሸሚዙ በአረቄ ርሷል። አፉ ግን የአረቄ ጠረን የለውም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የሟቹ አባት አቶ ዓባይ፣ የጨንቻ ሸማኔ፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ከደጋው ወርደው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ «ሰክሮ ነው የወደቀው» እያለ ያንሾካሹካል። እሳቸው አላለቀሱም።

«ወንድሜን አረቄ ነው የበላብኝ» አሉ። «ጋሻዬ በአጎቱ መቃብር ላይ ቆሞ አልቀምስም ብሎ ምሏል። አሁን ሰካራም ነው ብዬ ልቅበረው? እስቲ ንገሪኝ ልጄ።»

«ለጊዜው ምንም አይበሉ አባቴ» አለቻቸው።

ቢሮው የሕንፃ ፕላን የሚነደፍበት ነው። ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ይሠራበታል፦ ባለቤቱ ኢንጂነር ነህምያ፣ ንድፍ የምትሠራው አርሴማ፣ ዘበኛው ጋሼ ሳምሶን።

ነህምያ አገኘሽን የተቀበላት ማንጎ እየበላ ነው። አዎ፣ ሬሳው ከታች ሳይነሳ! ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል፤ ክሩ በጥርሱ መሀል ተሰክቷል። በሚያጣብቁ ሁለት እጆቹ የእሷን እጅ ጨብጦ «እንደ ልጄ ነበር» እያለ አነባ። አዞ በሞላበት አገር የአዞ እንባ ብርቅ አይደለም፤ ከማንጎ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ ግን ያንገሸግሻል። አገኘሽ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችው፤ አልለቀቀም።

እሱ እንደሚለው ጀንበር ሳትጠልቅ ወጥቷል። ጋሻዬ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሚሠራውን የእንግዳ ማረፊያ ፕላን ሊጨርስ ብቻውን ቀረ። ጨርሶም ከራሱ ኮምፒውተር ለደንበኛው በቴሌግራም ላከ። ከዚያ ደስ ብሎት ሳይጠጣ አልቀረም። «የሰው ስም ማጥፋት አልወድም እንጂ» ብሎም ጨመረ፣ «ከአርሴማ ጋር ሰሞኑን ተጣልተው ነበር።»

ግድግዳው ላይ የራሱ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል። በሚመጣው ሳምንት ሐዋሳ ሄዶ ሥልጠና ይሰጣል። ምን እንደሚያሠለጥን ስትጠይቀው ሐዘኑን ረስቶ ፊቱ በራ።

«በር፣ መስኮት፣ ደረጃ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ለየትኛውም ቤት እንደ ልኩ እየተለጠጠ ይገባል። እንደገና መሳል የለም። ሁሉንም የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

አርሴማ ዓይኗ አብጧል። ከሁሉም ቀድማ እንደወጣች ተናገረች። ጠቡንም አልካደችም፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ ግን ወደ ነህምያ ክፍል በር ተመለከተች። አገኘሽ አልገፋቻትም። የመጨረሻውን ፕላን ክፈችልኝ አለቻት።

ስክሪኑ ላይ ክፍሎቹ ተደርድረዋል። አገኘሽ ንድፍ አልተማረችም፤ ዓይን ግን አላት። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ሁሉ መቃናቸው ቀጭን ነው። የአዳራሹ በር መቃን ግን ከግድግዳው ወፍሮ ወጥቷል፤ እጀታው የላም ቀንድ አክሏል።

«ይሄ በር ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበጠው?»

አርሴማ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ይህ የጋሻዬ እጅ አይደለም» አለች። «የእሱ በሮች ጫፋቸው ላይ ቀስት አላቸው። ቀስቱን ሲጎትቱት በሩ ይሰፋል እንጂ መቃኑ አይወፍርም፤ እጀታውም እንዳለ ነው። ይሄን የሳለው ሰው ቀስቱን ትቶ በሩን እንዳለ አጎላው። ጋሻዬ እንዲህ ከሚሠራ እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል።»

ጋሼ ሳምሶን ማምሻውን ማኅበር ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ወደ ሕንፃው ጀርባ አልዞሩም። ጠርሙሱን ሲያዩ ወዲያው አወቁት። የእሳቸው ነበር፤ ግን ተቀምተዋል። ማን እንደቀማቸው ስትጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጆሮዋ ነገሯት።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለአቶ ዓባይ ወንበር ተሰጣቸው።

«ኢንጂነር» አለች አገኘሽ፣ «ለሐዋሳ ሰዎች የሚያሳዩትን ለእኛም ያሳዩን። ይህን የመኝታ ቤት በር ለአዳራሽ እንዲበቃ ያስፉልን።»

ነህምያ ሳቀ፤ ጊዜው አይደለም አለ፤ ራሱን እንደሚያመው ተናገረ። አገኘሽ ወንበሩን ሳበችለት። ተቀመጠ። ማውሱን ወዲህ ወዲያ አንከራተተ፤ በሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀስት ሳያያት አለፈ፤ በመጨረሻ በሩን እንዳለ አጎላው። መቃኑ ወፈረ። እጀታው ቀንድ ሆነ። አገኘሽ አስቀድማ ያሳተመችውን፣ ለደንበኛው የተላከውን ፕላን አንስታ ከስክሪኑ አጠገብ ያዘችው። አንድ ዓይነት ነው።

ጋሼ ሳምሶን ከበሩ ሥር «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ብለው አጉተመተሙ።

«ጋሻዬ አልጠጣም» አለች አገኘሽ። «አረቄው ሸሚዙ ላይ ነው እንጂ አፉ ውስጥ የለም። አንድ ሰው አፍስሶበታል። ፕላኑንም የጨረሰው እሱ አይደለም። ሥራውን በሰላም ጨርሶ፣ ጠጥቶ የወደቀ እንዲመስል የተደረገ ነው። ታዲያ በሩን ማን ሳለው? ጋሼ ሳምሶን ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። አርሴማና ጋሻዬ ቀስቱን ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱ ነው የሚውሉት። ንድፍ እያወቀ ቀስቱን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም እኔ ነኝ የፈጠርኩት የሚለው ነው። ጠርሙሱንም ከጋሼ ሳምሶን ቀምቶ መሳቢያው ውስጥ የቆለፈበት እሱ ነው።»

ያኔ አርሴማ አፏን ከፈተች። ነህምያ ሐዋሳ ከመሄዱ በፊት ጋሻዬ እንዲያስተምረው ለምኖት ነበር። ጋሻዬ የሠራኋቸው እኔ ነኝና መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ ስሜን ጻፍ፣ አለዚያ ሐዋሳ መጥቼ ለሠልጣኞቹ እናገራለሁ አለው። «እኔ ነኝ ዋጠው ያልኩት» አለች እያለቀሰች። «እንጀራችን ይቀራል ብዬ ነው የተጣላሁት።»

ነህምያ ግንባሩን በማንጎ እጁ አበሰ።

«ገፋ አደረግኩት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። መደገፊያው ነው የከዳው።» ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያዝንለት ሲያጣ ወደ አርሴማ ዞረ። «በሩን ግን አስተካክለሽ እንደገና ላኪው፤ ደንበኛው እንዲህ ሆኖ ካየው ስማችን ይበላሻል።»

አገኘሽ ስንት የበሰበሰ ሬሳ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ አስመልሷት አያውቅም። ይህን ግን መንካት ተጸየፈች። ከታች ሰው አጋድሞ፣ እላይ ተቀምጦ በር ሲያጎላ ታያት። ካቴናውን ራሷ ልታስር አልፈለገችም፤ ፖሊሱን ጠቀሰችው። ሲወስዱት በአጠገቧ ሲያልፍ ትንፋሿን ያዘች።

አቶ ዓባይ ስለ ቀስቱም ስለ መቃኑም ምንም አልጠየቁም።

«አልጠጣም ማለት ነው?»

«ጠብታ አልቀመሰም አባቴ።»

«እንግዲያው ሸሚዙን ስጡኝ። ከመቅበሬ በፊት ልጠብለት።»

ሸሚዙ ማስረጃ ነው፤ አይሰጥም። ይህን ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ተነሱ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጥፈው በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

«ልጄን በዚህ ጠቅልሉት» አሉ። «በእጄ የሸመንኩት ነው። አሽትቺው፣ ምንም አይሸትም።»

አገኘሽ ጋቢውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ እውነታቸውን ነበር።