ያልተነካው ፎቶ

«ይቺ ልጅ አንቺ አይደለሽም» አሉ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጡት ሰውዬ።

የፎቶ አንሺ ልጅ ስለሆነች ሰፈርተኛው «ፍላሽ» የሚላት ልጅ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ሰውየው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ፓስፖርቱን፣ አንዴ እሷን እያዩ ቆዩ። የቪዛ ማመልከቻ መቀበያው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ከኋላዋ የተሰለፉት ባለጉዳዮች በወረቀታቸው ፊታቸውን ያራግባሉ።

«ግንባርሽ ላይ ያለው ጠባሳ ፓስፖርትሽ ላይ አለ። ፊትሽ ላይም አለ። ፎቶሽ ላይ ግን የለም። የት ሄደ?»

«ምናልባት... መብራቱ ይሆናል።»

«መብራት ጠባሳ አያድንም፣ ልጄ። ሰው የሚያድስ ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ አምፖል ሥር ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ይሄኔ ጎረምሳ ነበርኩ።» ፎቶውን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾልከው መለሱላት። «ባለፈው ሳምንትም በዚሁ ምክንያት ነው የተመለሰብሽ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ያልተነካ ፎቶ ይዘሽ ነይ። ካለፈ ፋይልሽ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ እኔም ልክፈተው ብል አይከፈትልኝም።»

ፍላሽ ፎቶውን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባሕር ማዶ ባለ ትምህርት ቤት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በነፃ እንዲማሩ ከተመረጡት ልጆች አንዷ ናት። ትምህርቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ቪዛዋ ካልደረሰ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱ የላከላት ደብዳቤ ይህንን በደማቁ ጽፎታል። ያ ደብዳቤ የመጣ ቀን እግሯ መሬት አልነካም ነበር። እዚያ በረዶ ይጥላል ሲሏት ሦስት ካልሲ ደርባ ቤት ውስጥ መራመድ ስትለማመድ ከርማለች። እናቷ ደግሞ ነርስ ስለሆነች ሻንጣውን በልብስ ፈንታ በመድኃኒት ሞልታዋለች፤ የራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የቃጠሎ፣ የጆሮ። በየቀኑ ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፣ በየቀኑ ከተፈቀደው ያልፋል፣ በየቀኑ የሚቀነሰው የፍላሽ ሹራብ ነው።

ውጭ በሩ ላይ ጓደኛዋ ሬዲዮ ትጠብቃታለች። ስሙ የወጣላት ወሬ ይዛ ማደር ስለማትችል ነው። ፍላሽ የሆነውን ስትነግራት ሬዲዮ ምንም ሳታስብ በጣቷ ማዶውን አሳየቻት። ከአስፋልቱ ባሻገር «በአምስት ደቂቃ ፎቶ» የሚል ሰሌዳ ያለበት ጠባብ ሱቅ አለ።

«አሁን ዘግቷል። ነገ ሲከፍት እዚያ ተነሺ፣ ስጫቸው፣ አለቀ። አባትሽ በምን ያውቃል?»

«የፎቶ አንሺ ልጅ ሄዳ ሌላ ፎቶ ቤት? የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጎረቤት ሄዳ ዳቦ ስትገዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዳቦው ካረረ አዎ!»

ፍላሽ ሳትወድ ሳቀች።

«ፋራ አትሁኚ» አለች ሬዲዮ። «ሁለት ዓመትሽን በአንድ ፎቶ ልታጪ ነው? ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ለማንም አልናገርም።»

ሬዲዮ ለማንም አልናገርም ካለች ነገሩ በማግስቱ ሰፈሩን ያዳርሳል። ፍላሽን ያስጨነቃት ግን እሱ አልነበረም።

የፍላሽ አባት ያነሳው ሰው ሁሉ ያምራል። ብጉር ያጠፋል፣ የወለቀ ጥርስ ይተካል፣ አንድ ጊዜማ ክራባት ረስቶ ለመጣ ሰው ክራባት አስሮለታል። ሰፈርተኛው «እዚያ ገብተህ ከተነሳህ እናትህም ፎቶህን አታውቀው» እያለ ይቀልድበታል፤ ግን ሌላ ጋ አይሄድም። ፍላሽንም አባቷ በየልደቷ ቀን ያነሳታል። በሁሉም ፎቶ ላይ ግንባሯ እንደ አዲስ ሳህን ነው። ልጅ ሳለች ካሜራው ራሱ የሚያጠፋላት ይመስላት ነበር። ስለ ጠባሳው ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። «ከደረጃ ወድቀሽ ነው» ብላ እናቷ አንዴ ነገረቻት፣ በዚያው ተዘጋ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶው ሲመለስም ፍላሽ እውነቱን ለአባቷ መንገር ከብዷት «ጥራት ይጎድለዋል ብለዋል» አለችው። እሱ ምን ያድርግ? አዲስ አምፖል ገዝቶ እንደገና አነሳትና ግንባሯን ከበፊቱ አብልጦ አጠራው። አሁን ለደረሰባት ጣጣ ግማሹ የራሷ ውሸት ነው፤ ይህን ስታስብ አፈረች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፎቶ ቤቱ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። በመስታወቱ ውስጥ ከተደረደሩት ፎቶዎች መሐል አንዱን አንስቶ ቦታውን ባዶ አድርጎታል።

«እዚህች ላይ አንቺ ነሽ የምትሰቀዪው» አላት ገና ሳትገባ። «የቪዛሽን ፎቶ አሳድጌ! እሺ፣ ተቀበሉሽ?»

እንዲህ ፊቱ ሲፈካ አይታው አታውቅም። አፏ ላይ ሁለት መልስ መጣ። «አዎ፣ ተቀበሉኝ» ብትለው ነገ ጠዋት ማዶ ባለው ሱቅ ተነስታ ነገሩን ትጨርሳለች፤ እሱም ደስ ብሎት ያድራል። ዞር ብላ መስታወቱን አየች። አምስት ዓመቷ፣ ስምንት ዓመቷ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ሁሉም ለስላሳ ግንባር። ይቺን ሁሉ ልጅ ትታ፣ ዋሽታው ልትሄድ ነው?

«አልተቀበሉኝም፣ አባዬ። ያኔም ስለ ጥራት የነገርኩህ ውሸቴን ነው። የመለሱት ጠባሳዬን ስላጠፋኸው ነው።»

አባቷ ገባና የመብራቱ ማቆሚያ ጋ ሄዶ ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር። ሁልጊዜ መብራት ሊያበራ ሲል እንዲህ ያደርጋል፤ ሦስት ጊዜ ያጠብቀዋል፣ ነቅነቅ አድርጎ ያየዋል። ፍላሽ አመሉ ነው ብላ ነበር የምታስበው። አሁን ግን መብራት አላበራም።

«ከደረጃ ወድቀሽ አይደለም» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «እናትሽ ለኔ ብላ ነው እንደዚያ ያለችሽ። አራት ዓመትሽ ነበር። ሙሽሮች እየጠበቁኝ ስጣደፍ ይቺን ብሎን ሳላጠብቃት ተውኳት። አንቺ ደግሞ እዚህ፣ ከሥር፣ ትጫወቺ ነበር። መብራቱ እንዳለ ግንባርሽ ላይ ወረደ።»

ከጓሮ በኩል እናቷ ሻንጣውን ሚዛን ላይ ስታወጣ ይሰማል።

«አንቺን ላሳምር ብዬ እንዳይመስልሽ። አንቺማ ድሮም ቆንጆ ነሽ። ፎቶሽን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው፤ እጄ ሳላዘው ይሄድና ያጠፋዋል። ፊትሽ ላይ አላጠፋው ነገር...»

ፍላሽ የምትናደድ መስሏት ነበር፤ ግን አንጀቷን በላው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ብሎን ሲያጠብቅ እያየችው አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

«አባዬ፣ ሰውየው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ጠባሳዬን ይዤ ካልመጣሁ አልሄድም። እኔ ስለፋ የከረምኩት ለትምህርት ነው፤ ለካ የሚፈልጉት እሱን ኖሯል!»

አባቷ ሳቅ አፈነው፤ ዓይኑ ግን ረጥቧል። በእጅጌው ጠረገውና ከወንበሩ ኋላ የሚዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ወደ ታች ሳበ።

«ተቀመጪ። አገጭሽን ቀና አድርጊ። ትከሻሽን ልቀቂው። እንዳትስቂ፣ ለቪዛ አይሳቅም።»

አነሳት። ፎቶው ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፈት ጠባሳው ከቅንድቧ በላይ ጎልቶ ታየ። የአባቷ እጅ ማውሱን ይዞ፣ እንደ ልማዱ፣ ቀስ እያለ ወደ ግንባሯ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። መሄድም መመለስም አቃተው።

«እጅህን ኪስህ ክተት» አለችው ቀስ ብላ።

ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተና ከወንበሩ ተነሳ። «አንቺው አትሚው። እኔን አታምኚኝ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰውየው መነጽራቸውን አውርደው ፎቶውን አዩ፣ ፓስፖርቱን አዩ፣ እሷን አዩ። «እንዲህ ነይ እንጂ!» አሉና ማኅተማቸውን አሳረፉበት። «ቪዛሽን የዛሬ አሥር ቀን ነይና ውሰጂ። ሹራብ አትርሺ።» ሬዲዮ ከበሩ ላይ እልል አለች። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አያት፣ ዘበኛው ተቆጣት፤ ግን ማን ሰምቶት! ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው እየዘለሉ ደረጃውን ወረዱ። ፍላሽ የአውሮፕላኑን ወንበር፣ በረዶውን፣ ስሟን መጥራት የማይችሉትን አስተማሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አየቻቸው።

ፎቶ ቤቱ ስትደርስ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ራሷን አገኘች፤ ትልቅ ሆና፣ ከነጠባሳዋ። ከጎን ያለው ባለሱቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መስታወቱን ያያል።

«እሰይ!» አላት። «ስንት ዓመት እዚህ ሳልፍ፣ ዛሬ ገና አንድ የማውቀው ሰው አየሁ።»

እየሳቀች ገባችና ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች። «ተቀበሉኝ!» አባቷ አቅፎ ከመሬት አነሳት፤ እናቷ ከጓሮ ሮጣ መጥታ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። ወዲያው ደግሞ ሻንጣው ትዝ አላትና ተመልሳ ገባች።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለችው ፍላሽ አባቷን።

«የምን ተራ?»

«የፎቶ። አገሩን ሁሉ ስታነሳ ያንተ አንድም የለም። ምን ይዤ ልሄድ ነው?»

አልፈልግም አለ፣ ሥራ አለብኝ አለ፣ ጢሜን አልተላጨሁም አለ። በመጨረሻ ግን ማበጠሪያ ፈልጎ ሸሚዙን ቆለፈና ደንበኞቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ፣ እንደገና ጉልበቱ ላይ አደረገው። ፍላሽ መብራቱ ጋ ሄደች። ብሎኑን ሦስት ጊዜ አጠበቀች፣ ነቅነቅ አድርጋ አየችው። አባቷ ይህንን ሲያይ ከጥርሱ መሐል የጎደለው እስኪታይ ፈገግ አለ። ያኔ ነው ያነሳችው።

«አየሽ፣ ሰው አገር ነው የምትወስጂው» አለ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ከዓይኔ ሥር ያበጠውን አጥፊልኝ። ጥርሴንም ሙዪልኝ። ሽበቱን እንኳ ተዪው፣ ግዴለም።»

ፍላሽ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ያበጠው ዓይን፣ የጎደለው ጥርስ፣ የተጣመመው ኮሌታ፣ ሁሉም አለ። ቁጭ አባቷን ነው።

«እሺ፣ አባዬ» አለችው። ምንም ሳትነካ አተመችው።