የገብስ ገለባ ያለበት ጭቃ

ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ጭቃ ውስጥ መሞት ለማንም ያሳፍራል፤ ለገበያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደግሞ ይብስ ያሳፍራል። በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ጥር ወር የየካ ሠፈርተኛ ተባብሮ የተቃጠለ ገበያውን መልሶ ሲሠራ፣ ሊቀ መንበሩ ሀብተወልድ ለግድግዳ ምርጊት በተቦካው ጭቃ ውስጥ በአፍ ጢሙ እንደ ተደፋ ነጋበት።

«ጠጥቶ ወድቆ ነው» አለ ሰዉ። አንድም ያለቀሰ አልነበረም።

የመቶ አለቃ በላይነህ ግን አላመነም። እንጦጦ ራጉኤል ሥር ያደገ፣ ንግግሩ አጭር፣ ዓይኑ ምንም የማያመልጠው መርማሪ ነው። የሟቹን አፍ በጣቱ ጠርጎ ያወጣውን በመሐረቡ ላይ ዘረጋው። ኮቱን ሲያገላብጥ ከብብት ሥር ዙሪያውን የገመድ ምልክት አየ።

መጀመሪያ የኮሚቴውን ጸሐፊ፣ በምርኩዝ የሚሄዱትን ሽማግሌ ዓምደ ሚካኤልን ጠየቀ።

«ይጠሉት ነበር፣ ጋሼ?»

«ማን ይወደው ነበር? የገበያውን በር ወደ ራሱ ሱቆች አዞረው። አይሆንም ስለው ‹ጃጅተዋል› አለኝ።»

አናጢው ቀጀላ ከጣራው ላይ ነበር።

«ውረድ!»

«ይህችን ሚስማር ልጨርሳ!»

«ትናንት ‹እገድልሃለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«በየቀኑ ነበር የምለው። ትናንት ለምን ይቅርበት?»

በላይነህ የቀጀላን ጋሪ አየ። ከትናንት ጀምሮ አሸዋ እንደ ጫነ ቆሟል።

በመጨረሻ ጂቱን አስጠራ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት ገበያው ሲቃጠል ሎሚ የምትባል ልጇ በገበያው መጋዘን ውስጥ ሞታባታለች።

«እትዬ ጂቱ፣ እርስዎም ጭቃ አቡክተው ነበር?»

«አቡክቼ ነበር፣ ጌታዬ። ሀብተወልድ ‹ገለባ ጭቃ አይይዝም፣ አንሺልኝ› ብሎ መለሰው። ያው ከመጋዘኑ ኋላ አለ።»

«የምን ገለባ?»

«እኛ አገር ምን ሌላ አለ? የገብስ ነዋ!»

በላይነህ ሁሉንም በጭቃው ዙሪያ ሰበሰበና መሐረቡን ገለጠ።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያለው የጤፍ ጭድ ብቻ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ። ከሟቹ አፍ የወጣው ግን ውስጡ ክፍት የሆነ የገብስ ገለባ ነው። ገለባ ላይ ተኝቼ ስላደግሁ አይጠፋኝም። ሰውየው የሞተው በተመለሰው ጭቃ ውስጥ ነው። ታዲያ ወደዚህ ማን አመጣው? መሬቱ ላይ የመጎተት ምልክት የለም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸውንም በምርኩዝ ነው የሚሸከሙት። ቀጀላ ጋሪ እያለው ሬሳ አይሸከምም፤ ጋሪው ደግሞ አልተነካም። ገመዱ በብብቱ ሥር አልፏል። እንዲህ አስሮ ይህን የሚያህል ሸክም በጀርባው የሚያወርድ…»

«እኔ ነኝ» አለች ጂቱ።

ከመቀነቷ እሳት ያጣመመው ጓጉንቸር አወጣች።

«መሠረት ስንቆፍር አገኘሁት። እዩት፣ እንደ ተቆለፈ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በእሱ እጅ ብቻ ነበር። ልጄ አተኩሷት ውስጥ ተኝታ ነበር። ትናንት አመሻሹ ላይ ‹ጭቃሽን ለምን አላነሳሽም› ብሎ ሊሰድበኝ መጣ፤ ጓጉንቸሩን አሳየሁት። ‹ቆልፈህ ያቃጠልከው አንተ ነህ?› ስለው አልካደም። ‹እዚያ ማን ተኚ አላት?› አለኝ። ማጅራቱን ይዤ ጭቃው ውስጥ ደፈቅሁት። እስኪበቃኝ ድረስ። ዛሬም አልበቃኝም።»

«ለምን ከዚያ አነሱት ታዲያ?»

«ያን ጭቃ ያቦካሁት ሎሚ ለሞተችበት ገበያ ነው። እሱን አቅፎ እንዲያድር አልፈለግሁም።»

ቀጀላ ጣራው ላይ ወጥቶ ማገር ተሸክሞ ወረደ። ወደ ሀብተወልድ ሱቆች የሚወስደውን በር ከላይ እስከ ታች በማገር ቸንክሮ ዘጋው። ጭቃ ሲያቦኩ የነበሩት ሴቶች ከመጋዘኑ ኋላ ሄዱ፤ የገብሱን ጭቃ በእንስራ ስባሪ፣ በቆርቆሮ፣ በእጃቸው እያመጡ መረጉት። በላይነህ ካቴናውን እንደያዘ ጠበቀ።

ሲጨርሱ ጂቱ እጆቿን ዘረጋችለት፤ ዓይኗ ግን ከግድግዳው አልተነቀለም።

«ይይዝ ይሆን?» አለች።

ቀጀላ ግድግዳውን በመዳፉ ጫን አድርጎ ተጫነው።

«ይይዛል፣ ጂቱ።»