ዘጠኝ ጥንድ ጫማ

በሩ ላይ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። ሩሐማ የምትጠብቀው አንዱን ጥንድ ብቻ ነው።

ቡናማ የሴት ሰንደል። ቀጭን ማሰሪያ፣ ግራው ተረከዙ በኩል ያለቀ።

የእሌኒ።

ሄንሪክ ከምንጣፉ ተነሣ። ረጅም ነው፤ በጋሽ ሁሴን በር ለማለፍ ሁልጊዜ ጎንበስ ማለት አለበት። ዛሬ ግን ከልክ በላይ ጎነበሰ። እጁ ጫማዎቹ መሐል ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። ከዚያ የራሱን ሰፊ ጫማ ጎትቶ ወደ ማንጎው ጥላ ወጣ።

ርክክቡ ግማሽ መንገድ ሄደ።

ከዘጠኙ ጫማ በአንዱ ውስጥ አሁን ስድስት ቁራጭ የፊልም ኔጋቲቭ አለ። በኔጋቲቩ ላይ ወደ ሰሜን ግንባር የሚጓዙ የጦር ካሚዮኖች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደጫኑ፣ በየትኛው ቀን እንዳለፉ። መጋቢት 1991 ነው። ጦርነቱ ዓመት ሊሞላው ነው። ያ ቁራጭ ድንበር ከተሻገረ ካሚዮኖቹ የት እንደሚመቱ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። የሩሐማ ሥራ አንድ ነው፦ ማን እንደሚያነሣው አይቶ ምልክት መስጠት።

ሩሐማ ስሟ አይደለም። በደኅንነት መሥሪያ ቤቷ መዝገብ «ቆቅ» ትባላለች።

አሥራ አንድ ወር የሄንሪክ አስተርጓሚ ሆና ኖራለች። ሄንሪክ ዴንማርካዊ የውሃ ቁፋሮ መሐንዲስ ነው። ሌላው ቴምብር እንደሚሰበስብ እሱ በዓል ይሰበስባል። ገናን ሁለቴ አክብሯል፣ ታኅሣሥ 16 ለራሱ፣ ታኅሣሥ 29 ለእኛ። ከወዳጆቹ ጋር ላንጋኖ ዋኝቷል፣ ሶደሬ ተዘፍዝፏል፣ አንኮበር ላይ ወፍ ፍለጋ እግሩ ተልጧል። ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም። ወፍ ያነሣል። ከወፎቹ በስተጀርባ ሁልጊዜ አስፋልት አለ።

ዛሬ ሦስት በዓል ገጥሞለታል። ለእሱ ፋሲካ ነው፤ ለነሩሐማ ሆሳዕና። እዚህ ከሸዋ ሮቢት ዳር ካለው የጋሽ ሁሴን ቤት ደግሞ አረፋ ካለፈ ሳምንት ቢሆነውም እንግዳ አላባራም።

እሌኒ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣችው። የጀውሃ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበት አስራለች፤ ለሄንሪክም ሠርታለታለች። ለሩሐማ አልሠራችላትም።

«ዘንባባው አለቀብኝ ሩሐማዬ፣ ይቅርታ» ነበር ያለቻት።

ለእሱ ግን በቀለበት ጣቱ ልክ ነው የሠራችለት። ቆቅ ይህን ሪፖርት ላይ አትጽፈውም። ሩሐማ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር አላየችም።

ከጥግ የተቀመጠው የሽንኩርት ነጋዴ ጋሼ ጌታሰው ይባላል። ሽንኩርቱም ንግዱም የውሸት ነው። አለቃዋ ነው። የእሌኒን ስም ለሩሐማ የነገራት እሱ ነው፣ ባለፈው ሳምንት፣ ደብረ ሲና ጭጋግ ውስጥ በቆመ መኪና።

«ተቀባይዋ እሌኒ ናት።»

«ማስረጃ?»

«ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል። ለእሱና ለእሷ። በግንቦት ይዟት ይሄዳል።»

ሩሐማ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አልጠየቀችም።

ሄንሪክ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጋሼ ጌታሰው ተነሣ። ደፉ ላይ ተቀመጠና ጥቁር የቆዳ ጫማውን ያስር ጀመር። ግራውን አሰረ። ቀኙን አሰረ። የጋሽ ሁሴን ልጅ ኑርሃን ሻይ ይዛ መንገድ ስትጠብቅ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ለሽንት ቤት ነው እንዲህ የሚታሰረው? ሲያስሩ ያመልጥዎታል እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ኑርሃን! እንግዳ ነው!» አሉ ጋሽ ሁሴን፤ እሳቸውም እየሳቁ ነበር። «ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። እዚህ ቤት ጫማ ባለቤት የለውም። ለደጅ የሚወጣ ፊቱ ያገኘውን ይጎትታል።»

«እግሬ ስስ ነው» አለ ጌታሰው።

«አይ የከተማ እግር!» አለች ኑርሃን።

ሩሐማም አብራ ሳቀች። ዓይኗ ከቡናማው ሰንደል አልተነቀለም።

ጌታሰው ቆይቶ ተመለሰ፣ ጫማውን ፈታ፣ ጥጉን ያዘ። ከዚያ እሌኒ ተነሣች። ቡናማውን ሰንደል አላነሣችም። የሄንሪክን አጠለቀች። ትንሽ እግሯ እሱ ውስጥ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ጎተት ጎተት እያደረገች ወጣች፤ ስትመለስ ዞር ብላ አየችውና ፈገግ አለች። እሱም ፈገግ አለ።

ሩሐማ ቡናማውን ሰንደል ትታ የሄንሪክን ጫማ አየች።

ሰው ፊት እንዲህ የሰው ጫማ የምታጠልቅ ምን ብትሆነው ነው? ደግሞስ ለምን የራሷ ጫማ ውስጥ ይክተትላት? የራሱ ውስጥ ይተውላታል፤ ታጠልቃለች፤ ታወጣለች። ሒሳቡ ገጠመ። ቅናት የሚሠራው ሒሳብ ሁልጊዜ ይገጥማል።

«ልሂድ እንግዲህ፣ ተረኛ ነኝ» አለች እሌኒ። «ሚኒባሱ ካመለጠኝ የጀውሃ በሽተኛ ሁሉ ይረግመኛል።»

«ሂጂ የኔ ልጅ፣ አላህ ይከተልሽ» አሉ ጋሽ ሁሴን።

ሩሐማ ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ አወረደች።

ምልክቱ ይኸው ነበር።

ጌታሰው አየ። ሽንኩርቱ በፀሐይ እየተበላሸበት መሆኑን ተናግሮ ተሰናበተ። ዕቅዱ ግልጽ ነው፤ በመኪናው ሬዲዮ ለጀውሃ ያስተላልፋል፣ ራሱም ሚኒባሱን ይከተላል።

ሩሐማ ከአጥሩ ጋ ወጥታ ቆመች። ሚኒባሱ እሌኒን ጭኖ በስተቀኝ ወደ ጀውሃ ሄደ። የጌታሰው ፒክአፕ ከማንጎው ሥር ወጣ። ወደ ግራ ታጠፈ።

ወደ ደብረ ሲና።

ወደ አዲስ አበባ።

ሩሐማ አሁን ቆጠረች። በዚያ ቤት ዘጠኝ እንግዳ ነበረ። ስምንቱ ያገኘውን ጫማ እየጎተተ ወጥቶ ገባ፣ እሌኒም ከስምንቱ አንዷ ናት። የራሱን ጫማ ሌላ እግር እንዳይገባበት አጥብቆ አስሮ ሽንት ቤት የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኑርሃን በሰው ፊት ጮክ ብላ ነግራታለች። እሷ ግን ስትቀና አልሰማችም።

በሩ ላይ ያገኘችውን ሸበጥ አጠለቀችና ሮጠች። መንገድ ላይ ባዶ ጋሪ አገኘች።

«ከተማ! ቶሎ በል ወንድሜ!»

«ፈረሱ ጾመኛ ነው እህቴ፣ አይሮጥም» አለ ባለጋሪው። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወና ጅራፉን አነሣ።

ከተማው መሐል መኪና ሁሉ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣ የጦር ኮንቮይ እያለፈ ነው፤ ኮንቮይ ሲያልፍ ማንም ጥጉን ይይዛል። ፒክአፑ መስጊዱ በር ላይ ተቀርቅሯል። ሩሐማ የጋቢናውን በር ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጀውሃ በዚህ በኩል ሆነ እንዴ ጋሼ?»

ዞሮ አላያትም። «ውረጂ።»

«በግራው ነው በቀኙ?»

«ምኑ?»

«ጫማው።»

ጭኑ ላይ ጋዜጣ ነበር። ከጋዜጣው ሥር የሽጉጥ አፍ ብቅ አለ።

«እሌኒ አሁን ተይዛለች» አለ፣ ልክ እንደ አለቃ ረጋ ብሎ። «በአንቺ ምልክት። ጫማ አስሮ ሽንት ቤት ሄደ ብለሽ ልትከሺኝ ነው? ይስቁብሻል። ተይው። እሱ ይባረራል፣ እሷ ትታሰራለች። አብረው አይሄዱም። የፈለግሽው ይሄው አልነበረም?»

ነበር።

አንድ ካሚዮን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ላይ ወታደሮቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። አንዱ ግንባሩ ላይ ዘንባባ አስሯል። ሃያ ዓመት አይሆነውም።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት አልቆ ሰው ከመስጊዱ መውጣት ጀመረ።

ሩሐማ በሩን በእግሯ በረገደችው።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች። «የመስጊድ ጫማ ሌባ! ጫማው የሰው ነው!»

ሮቢት ላይ ኪስ አውላቂ በጥፊ ይለቀቃል። ሰግዶ የወጣን ሰው በዚያ አስፋልት ላይ ባዶ እግሩን ያስቀረ ግን ሌላ ነው። ባለወፍጮው አብዱልወሃብ ከሦስት ጁምዓ በፊት አዲስ ጫማ ጠፍቶበታል። አላጣራም። ጌታሰውን በኮቱ ጎትቶ አወረደው።

«አንተ ነህ ለካ! አንተ ነህ ሦስት ጁምዓ በሸበጥ ያስኬድከኝ!»

ጌታሰው መተኮስ አልቻለም። ፊቱ ሕዝብ፣ ኋላው ሠራዊት። ሽጉጡ ከወንበሩ ሥር ወደቀ። ሁለት ሰው ያዘው፣ ሦስተኛው ጫማውን መነጨቀ። አብዱልወሃብ ከእግሩ ጋር ለካው።

«ያንሳል» አለ ቅር ብሎት። «ቆይ፣ የኔ ከሶሉ ሥር ምልክት አለው።»

የውስጥ ሶሉን ገለጠ።

ስድስት ቁራጭ ኔጋቲቭ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሩሐማ መታወቂያዋን አወጣች። በአሥራ አንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰዉ አየ፤ ባለጋሪውም አየ። ወሬው እሷ ሳትደርስ ጋሽ ሁሴን ቤት ይደርሳል። ሽፋኗ እዚያው አስፋልት ላይ ቀረ።

ከፖሊስ ጣቢያው ስልክ ወደ መሥሪያ ቤቷ ማዕከል ደወለች።

«ዕቃው?»

«እጄ ላይ ነው።»

«ፈረንጁ?»

«ፖሊስ ከጋሽ ሁሴን ቤት ይዞታል።»

«ጀውሃ ያለችውስ? ምልክቱ ያንቺ ነው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ጌታሰው አዘዘኝ ብለሽ ጻፊ። ያልቃል።»

«ስሙን እሱ ነገረኝ። አየሁ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ያላየሁትን።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«ይህ ከተጻፈ መስክ አትወጪም። ካልተጻፈ ደግሞ ልጅቷ እስኪጣራ ትቆያለች። ስድስት ወር። ምናልባት ዓመት። አንቺ ምረጪ።»

ሩሐማ መዘነችው። ለራሷም አልዋሸችም፣ መዘነችው። ስድስት ወር እሌኒ የሌለችበት።

«ይጻፍ» አለች።

በማግሥቱ እሌኒን ጀውሃ ላይ ለቀቋት። ሩሐማ ራሷ ነበረች የፈረመችላት። እሌኒ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ዓይኗ አብጧል።

«ስንት ወር ነው ከአንድ ሳህን የበላነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ትኬቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ምን ይሠራ እንደነበር አላውቅም። አንቺ የሠራሽውን ግን አሁን አውቃለሁ።»

ዞር ብላ ሄደች። የሚያናድደው ነገር ሩሐማ ያኔም መቅናቷ ነው። እሌኒ ቢያንስ የምታለቅስለት ሰው ነበራት።

ሄንሪክ በአራተኛው ቀን ከአገር ተባረረ። ማን አሳልፎ እንደሰጠው ጠይቆ ነበር አሉ።

በዚያው ቀን ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ላይ አንዲት ሴት አሳፈረ። ሻንጣዋ ትንሽ ነው። ሩሐማ የሚባል ሰው የለም፤ የቆቅ መዝገብ ተዘግቷል፤ አዲስ ስም ገና አልተሰጣትም። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት የሽንብራ ቆሎ ዘረጉላት።

«ብዪ የኔ ልጅ። ማን ልበል?»

«የፈለጉትን ይበሉኝ እማማ።»

«ኧረ ምን ነካሽ! ስም የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፣ ደብረ ሲናን አለፈ፣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባ። ጨለመ።

ከወዲያ ሲወጡ ብርድ ነበር። አሮጊቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የስሟን መልስ የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።