ጣሪያው እስኪመጣ

«ትምህርት ሲከፈት ጣሪያው አይደርስም» አሉ ሱዳናዊቷ መነኩሲት ሲስተር ሉጥፊያ፣ ከአዲሱ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር ቆመው። «ከውጭ የመጣው እርዳታ ግድግዳው ላይ አለቀ። ቆርቆሮውም በየሳምንቱ ይወደዳል። እስከዚያው ራኩባው ውስጥ እናስተምራለን፣ ኢንሻላህ።»

እፀገነት ወደ ራኩባው ዞረች። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው በዚያ የእንጨትና የሣር ዳስ ውስጥ ነው። የአሸዋ ማዕበል ሲነሳ ሁሉም ደብተራቸው ላይ በሆዳቸው ይተኙ ነበር። በዝናብ ወራት አባቷ ገዛኸኝ የሰፈራቸውን የማዮን ጭቃ በትከሻው ያሻግራትና ወደ ግንበኝነት ሥራው ይሄዳል። ሬሕማን ያወቀቻትም እዚያው ነው፤ ዳሱ ሲያፈስ ወደ አንድ ደረቅ ጥግ ሲሮጡ ግንባር ለግንባር ተጋጭተው።

ግንባታው የተጀመረ ሰሞን ደግሞ እንዴት ደስ ይል ነበር! እናቶች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ዘላቢያ እየጠበሱ ለሕንፃው ይሸጣሉ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ወላጅ ጡብ ያቀብላል። ገዛኸኝ በዕረፍት ቀኑ፣ ዓርብ ዓርብ፣ በነፃ ይገነባል። ልጆቹ ጉልበታቸው ድረስ ብቻ በደረሱት ግድግዳዎች መሐል እየተሯሯጡ «የእኛ ክፍል ይሄ ነው!» ይባባሉ ነበር።

«አንቺ ኦምዱርማን ከተማ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አላት ገዛኸኝ ቤት ስትደርስ። «ያለቀ ትምህርት ቤት አግኝታልሻለች። ማራገቢያ ሳይቀር አለው።»

«አንተ የገነባኸውስ?»

«እኔ ስለገነባሁት ነው የምነግርሽ። ጣሪያው ቶሎ አይመጣም።»

በማግስቱ ሬሕማ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እፀገነትን አገኘቻት።

«ኦምዱርማን ልትሄጂ ነው አሉ።»

«ገና አልወሰንኩም።»

«ሂጂ እንጂ! እኔንማ አባቴ ትምህርት ቤት ብቻዬን አይልከኝም። ከሰፈራችን ሌላ ሴት ልጅ ከሌለች፣ ኻላስ፣ ቤት መቀመጤ ነው።» ሬሕማ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ፤ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

እፀገነት ቤት ስትገባ አባቷ እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እያጠበ ነበር።

«አባዬ፣ ኦምዱርማን አልሄድም።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«ለሬሕማም ይመጣል።»

 ገዛኸኝ እጁን አደራርቆ ስልኩን ሰጣት። «ለአክስትሽ ራስሽ ንገሪያት። እኔ ቁጣዋን አልችልም።»

አክስቷ ተቆጣች፣ ለመነች፣ በመጨረሻም «እንግዲህ ያንቺ ነገር!» ብላ ዘጋችው። እፀገነት ስልኩን መለሰችና ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በአሸዋማው መንገድ ሄዳ የእነሬሕማን በር አንኳኳች። የከፈቱት የሬሕማ አባት ነበሩ።

«ሰላም ዓለይኩም፣ ዓሚ» አለች። «እኔና ሬሕማ አብረን እንደምንማር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። በየጠዋቱ እየመጣሁ እወስዳታለሁ።»

ሰውዬው አተኩረው አዩዋት። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፍተው ወደ ውስጥ ተጣሩ፦

«ሬሕማ! ነይ፣ ጓደኛሽን አስገቢያት።»